ዋናው ዘፋኝ ማን ነው?

በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን፣ ከምሳ በፊት የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኝ «ቀለል ያለ ነገር ይሁን» ብሎኛል። የምሳው ሽታ እየመጣ ከባድ ወሬ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ ስለ ሙዚቃ ላወራ ወስኛለሁ። ሙዚቃው ግን ሄቪ ሜታል ነው። ስሙ ራሱ «ከባድ ብረት» ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ።

«እሱ ደግሞ ሙዚቃ ነው እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይታየኛል። ውደዱት አልላችሁም። የሙዚቃው አድናቂዎች ከአርባ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩትን አንድ ጉዳይ ብቻ ልነግራችሁ ነው። ምክንያት አለኝ። ከሰዓት በኋላ በሁለት ጉዳዮች ላይ ድምፅ እንሰጣለን። አንደኛው የማኅበሩ አመራር በቅርብ ዓመታት ለተመረቁት ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ የሚለው ነው። ሁለተኛው በሚታተመው የዓመት መጽሐፍ የታሪክ ገጽ ላይ የእነማን ስም ይውጣ የሚለው ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? ምሳሌዬን ከሩቅ አምጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአድናቂዎቹ ጥያቄ ይኼ ነው፦ አንጋፋ ባንድ ዘፋኙ ሄዶ ሌላ ሲተካ ያው ባንድ ነው ወይ? ዋናው ዘፋኝስ ማን ነው?

ለእኛ ጥያቄው ትንሽ ግር ይላል። በአገራችን ዋሊያስ ባንድም ሮሃ ባንድም ከብዙ ድምፃውያን ጋር ሠርተዋል። ካሴቱን ስንገዛ የምንጠራው የዘፋኙን ስም ነው፤ ባንዱ አጃቢ ነው። ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው ጋር ቢጫወት የሚቀየም የለም። በእንግሊዝ ሮክ ግን ስሙ የባንዱ ነው፤ ዘፋኙ ከቤቱ ልጆች አንዱ ነው። እሱ ወጥቶ ሌላ ሲገባ ለአድናቂው እናቱ ሌላ ባል ያገባች ያህል ነው። አዲሱ ሰው ቢያበላም፣ ቢያለብስም፣ ትምህርት ቤት ቢያደርስም ያው የእንጀራ አባት ነው።

ክርክሩን በደንብ የሰማሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ቢርሚንግሃም ሳለሁ ነው። በቤተ ሙከራችን ሁለት ጎልማሳ ቴክኒሺያኖች ነበሩ፤ ሁለቱም የከተማው ልጆች፣ ሁለቱም የብላክ ሳባዝ አድናቂዎች። ሻይ በተፈላ ቁጥር ይጀምራሉ። አንደኛው «ከኦዚ በኋላ ባንድ የለም» ይላል። ሁለተኛው «ዲዮ ባይመጣ ባንዱን ቀብራችሁት ነበር» ብሎ ይመልሳል። ሻዩ ይቀዘቅዛል። እኔ የመለኪያ መሣሪያዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

እስቲ ታሪኩን ላሳጥረው። ብላክ ሳባዝ በ1968 ቢርሚንግሃም ውስጥ አስተን ከሚባል የሠራተኞች ሰፈር በወጡ አራት ወጣቶች ተመሠረተ፤ ዘፋኙ ኦዚ ኦስቦርን፣ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር፣ ድራመሩ ቢል ዋርድ። ከተማው የፋብሪካ ከተማ ነው። አዮሚ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የተጎዳው ክሮቹን የሚጫነው ቀኝ እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ፣ ቆዳ ለብጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው። በኋላም ክሮቹን አላልቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ጀመረ፤ ለጣቶቹ ቀለላቸው፣ ሙዚቃውም ይበልጥ ጨለመ፣ ከበደ። ዛሬ ሄቪ ሜታል የምንለው ድምፅ ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው በየካቲት 1970 ወጣ፤ «ፓራኖይድ» የሚባለው ሁለተኛው በዚያው ዓመት ተከተለ።

ዓመታት አለፉ፤ ዝና መጣ፣ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅም ተከትሎ መጣ። በ1979 ኦዚ ከባንዱ ተባረረ። በቦታው ሮኒ ጄምስ ዲዮ የሚባል አሜሪካዊ ገባ፤ ቀደም ሲል ሬይንቦው በሚባል ባንድ ይዘፍን የነበረ ሰው ነው። በ1980 «ሄቨን ኤንድ ሄል» የተባለውን አልበም አወጡ። በዚያው ዓመት ኦዚም በራሱ ስም «ብሊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ብሎ ብቅ አለ። አንድ ቤት ተከፍሎ ሁለት ቤት ሆነ፣ ሁለቱም ቆሙ።

አሁን እንደ መሐንዲስ ልናገር። ሁለቱ ዘፋኞች ምን ይለያቸዋል? በኦዚ ዘመን ግጥሙን በአብዛኛው የሚጽፈው ቤዝ ተጫዋቹ በትለር ነበር። የኦዚ ድምፅ ብዙ ጊዜ የጊታሩን ዜማ ተከትሎ አብሮት ይሄዳል፤ «አይረን ማን» የሚለውን የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጊታሩ የሚለውን ድምፁም ይላል፤ ቀላል ነው፣ ግን ከጆሮ አይወጣም። ዲዮ ግን ግጥሙን ራሱ ነው የሚጽፈው። ጊታሩ በአንድ መንገድ ሲሄድ የሱ ድምፅ በሌላ መንገድ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ አዮሚም ለዚያ ድምፅ ቦታ የሚተው ሌላ ዓይነት ሙዚቃ መሥራት ነበረበት። ልብ በሉ፤ ተተኪው የተገኘው የድሮውን ድምፅ በመምሰል አይደለም። የራሱን ይዞ መጣ፣ ቤቱም ለሱ ሲል ዕቃውን አዘዋወረ።

ወደ ሁለቱ ቴክኒሺያኖች ልመለስ። ሲጨቃጨቁ ብዙ ከሰማሁ በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ አንድ ጥያቄ እየተከራከሩበት አይደለም። የኦዚው ሰው የሚመልሰው «ቤቱን ማን ሠራው?» ለሚለው ነው። የዲዮው ሰው የሚመልሰው «ማን ይበልጥ ይዘፍናል?» ለሚለው ነው። ከሁለቱም ሥር ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ የማያነሳው ሦስተኛ ጥያቄ አለ፦ «እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ማን ነበር የሚዘፍነው?» የኦዚው ሰው በዕድሜ ይበልጣል። የዲዮው ሰው የመጀመሪያ ሸክላውን የገዛው በ1980 ነው። ክርክሩ ስለ ባንዱ ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ የሚከላከለው የራሱን ወጣትነት ነው። ሰው ወጣትነቱን ሲከላከል ደግሞ በማስረጃ አይረታም።

እናንተ እየሳቃችሁ ነው። ግን «በእኛ ጊዜ ግቢው እንዲህ አልነበረም» ያላለ እጁን ያውጣ!

ታሪኩ በዲዮ ቢያበቃ ቀላል ነበር፤ አላበቃም። ዲዮ በ1982 ሄደ። የዲፕ ፐርፕሉ ኢያን ጊላን መጥቶ በ1983 አንድ አልበም ሠርቶ ተመለሰ። በ1986 አዮሚ በግል ስሙ ሊያወጣው ያሰበውን አልበም የሸክላ ኩባንያው የባንዱ ስም ካልተጨመረበት ስላለ በሁለቱም ስም ወጣ፤ ዘፋኙ ግሌን ሂውዝ ነበር። ከመሥራቾቹ ሳይወጣ የቀረው አዮሚ ብቻ ሆነ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ያ ክፉ ጊዜ ነበር።

በዚህ ክፉ ጊዜ የመጣውን ሰው ስም ከመካከላችሁ የሰማ ያለ አይመስለኝም፤ ቶኒ ማርቲን ይባላል። የቢርሚንግሃም ልጅ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ምን እንደነበር ስሙ፤ «ዘ ኢተርናል አይዶል» የሚባለው አልበም በሌላ ዘፋኝ ድምፅ ተቀድቶ ነበር። ያ ዘፋኝ ጥሎ ሲሄድ ማርቲን ተጠራና በዚያው ሙዚቃ ላይ እንደገና ዘፈነ። ሌላ ሰው ለብሶት የተወውን ኮት ተሰጥቶት ልበሰው እንደማለት ነው። አልበሙ በ1987 ወጣ። ቀጥሎ በ1989 «ሄድለስ ክሮስ»፣ በ1990 «ቲር»። ከዚያ ዲዮ ሊመለስ ነው ተባለና ማርቲን ገለል ተደረገ።

ዲዮ ተመልሶ በ1992 አንድ አልበም ተሠራ። በዚያው ዓመት ኅዳር ኦዚ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮስታ ሜሳ ላይ የስንብት ኮንሰርት አዘጋጀና ብላክ ሳባዝ መክፈቻ ሆኖ እንዲጫወት ተጠየቀ። ዲዮ ለኦዚ መክፈቻ አልሆንም ብሎ ወጣ። ለሁለት ምሽት የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ ቦታውን ሸፈነ። ከዚያስ? ማርቲን እንደገና ተጠራ! መጣ። በ1994 እና በ1995 ሁለት አልበም ዘፈነ። በ1997 ኦዚ ሲመለስ በሩ ለማርቲን ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ። በድምሩ አምስት አልበም ነው፤ በብላክ ሳባዝ ስም ከኦዚ ቀጥሎ ብዙ አልበም የዘፈነው እሱ ነው።

ሁሉም ሥራው ድንቅ ነበር ልላችሁ አልፈልግም። የ1995ቱን «ፎርቢድን» የተባለ አልበም አድናቂዎችም ተቺዎችም ክፉኛ ነቅፈውታል። መሥራቾቹን የሚያስቀድም ሰውም ሞኝ አይደለም፤ ከምንም ተነስተው ነገሩን የፈጠሩት እነሱ ናቸው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አዳራሹ ግማሽ ባዶ በሆነበት፣ ዘመኑም ፊቱን ባዞረበት ጊዜ መብራቱን ሳያጠፋ ያቆየው ማን ነው? ማርቲን በነዚያ ዓመታት ማይክሮፎኑን ባይዝ በ1997 ኦዚ የሚመለስበት ቤት ምን ይመስል ነበር?

ከቢርሚንግሃም መሀል ብሮድ ስትሪት የሚባል ትልቅ መንገድ ያልፋል። መንገዱ የውኃ ቦዩን በሚሻገርበት ድልድይ ላይ ከ2019 ጀምሮ ለባንዱ መታሰቢያ የተሠራ የብረት አግዳሚ ወንበር አለ። ድልድዩም በባንዱ ስም ነው የሚጠራው። በአግዳሚው ላይ የአራቱ መሥራቾች ፊት አለ። ሰው ከመሀላቸው ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። የዲዮ ፊት የለም። የማርቲን ፊት፣ የከተማው ልጅ ሆኖ ሳለ፣ የለም። በ2006 ባንዱ በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባም ስማቸው የተጠራው አራቱ ብቻ ናቸው።

አሁን አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። የሄቪ ሜታል ኮንሰርት በፎቶ ያየ ሰው ሕዝቡ እጁን እንዴት እንደሚያነሳ ያውቃል፤ አመልካች ጣትና ትንሿ ጣት ይቆማሉ፣ መሀለኞቹ ይታጠፋሉ፣ ቀንድ ይመስላል። ይህን ምልክት በሜታል ዓለም ያስለመደው ዲዮ ነው። ከጣሊያናዊት አያቱ ነው ያየው፤ እሷ የሰው ዓይን እንዳይጎዳት ታደርገው ነበር። ያው እኛ ቡዳ እንዳይበላን እንደምንለው ማለት ነው። ኦዚ በመድረክ ላይ ሁለት ጣቱን በሰላም ምልክት በማንሳት ይታወቅ ስለነበር ዲዮ እሱን ላለመቅዳት ሲል ይህን መረጠ። ይኸው ዛሬ «ከኦዚ በኋላ ባንድ የለም» ብሎ የሚምለው አድናቂ ሁሉ ደስ ሲለው እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ የሚያሳየው የተተኪውን ምልክት ነው! ተተኪ ስሙ ይረሳል፤ ያስለመደው ግን በሰው እጅ ላይ ይቀራል።

ሌሎችስ እንዴት አደረጉ? ከምሥራቅ ለንደን የወጣው አይረን ሜይደን አለ። ዝነኛው ዘፋኙ ብሩስ ዲኪንሰን በ1993 ለቀቀ፤ በ1994 ብሌዝ ቤይሊ ተተካ። የዲኪንሰን ዘፈኖች ወደ ላይ በጣም የሚወጡ ናቸው፤ የቤይሊ ድምፅ ደግሞ ወፈር ያለ ነው። በየመድረኩ የድሮዎቹን ሲዘፍን ይቸገር ነበር፤ አድናቂውም የፈረደበት በነዚያው ነው። ሆኖም ቤይሊ ከባንዱ ጋር በ1995 እና በ1998 ሁለት አልበም ሠራ። በ1999 ዲኪንሰን ተመለሰ። አሁን ልብ በሉ፤ ባንዱ በጥር 2001 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ሲጫወት ዲኪንሰን «ሳይን ኦፍ ዘ ክሮስ» እና «ዘ ክላንስማን» የሚሉትን ዘፈነ። ሁለቱም የቤይሊ ዘመን ዘፈኖች ናቸው። ሕዝቡ አብሮ ጮኸ። የተመለሰው ጌታ የተተኪውን ሥራ አንስቶ «ይኼም የቤታችን ነው» አለ። ለእኔ ከሐውልት ይበልጣል። ከኦዚ ጋር እንደገና የተሰባሰበው ብላክ ሳባዝ ግን የዲዮንም የማርቲንንም ዘፈን ወደ መድረኩ አላመጣም።

እነ አዮሚም ቢሆኑ በኋላ አንድ ብልህ ነገር አድርገዋል። በ2006 ከዲዮ ጋር እንደገና ሲሰባሰቡ ብላክ ሳባዝ አላሉትም፤ በመጀመሪያው አልበማቸው ስም «ሄቨን ኤንድ ሄል» አሉት። በመድረክም የተጫወቱት በዲዮ ዘመን የተሠራውን ብቻ ነው። ክርክሩ በአንዴ ጋብ አለ። ሰውዬው በሌላ ሰው ዘፈን መመዘኑ ቀረና በራሱ ተመዘነ። በ2009 አዲስ አልበም አወጡ፤ ዲዮ በግንቦት 2010 በሆድ ካንሰር አረፈ።

በሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱ መሥራቾች ባደጉበት ሰፈር፣ በአስተን ቪላ ፓርክ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ኦዚ መቆም ስላልቻለ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ አረፈ። ያ ቀን የአራቱ ነበር፤ ይገባቸዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2024፣ በገበያ ላይ ለብዙ ዓመታት የጠፉት የማርቲን ዘመን አልበሞች፣ ከአምስቱ አራቱ፣ በአንድ ላይ እንደገና ታትመው ወጥተዋል። ከ1995 ከቆጠርን ሃያ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። ዘግይቷል፤ ግን ሰውዬው በሕይወት እያለ ደረሰለት።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ።

ይህን ማኅበር የመሠረቱትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ፎቶአቸው በየዓመቱ መጽሐፍ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል፤ መውጣትም አለበት። ቀጥሎ ግን አባላት መዋጮ ያቆሙበት፣ ስብሰባ ተጠርቶ ዘጠኝ ሰው የመጣበት ዘመን ነበር። በዚያ ጊዜ መዝገቡን ቤታቸው ወስደው ያስቀመጡ፣ የአባላትን ስልክ በእጅ እየጻፉ ያደሱ፣ በገዛ ገንዘባቸው የፖስታ ሣጥን ኪራይ የከፈሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠዋል። በታሪክ ገጻችን ላይ አንድ መስመር የላቸውም። እነሱ የኛ ቶኒ ማርቲኖች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው አጀንዳ ሲነሳ እጄን የማወጣው ስማቸው ከነዓመተ ምሕረቱ እንዲታተም ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንጠብቅ።

አንደኛውን አጀንዳ በተመለከተም አቋሜ ግልጽ ነው፤ አመራሩ ለወጣቶቹ ይተላለፍ። በቡና ሰዓት የምሰማው ስጋት ይገባኛል፦ «እነሱ ሲይዙት ያው ማኅበር አይሆንም» ይባላል። እውነት ነው፤ ያው አይሆንም። እኛ በጋዜጣ ማስታወቂያ እንጠራራ ነበር፤ እነሱ በስልካቸው ይጠራራሉ። እኛ ለቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አሰባሰብን፤ እነሱ ለተማሪዎች የሥራ ልምምድ ቦታ እንፈልግ ይላሉ። ዜማው ይለያል። አመራሩን ሰጥተን የኛን ዘፈን በኛ ድምፅ ልክ ዝፈኑ ካልናቸው ግን እንደ ቤይሊ እናስቸግራቸዋለን፤ ከዚያ ደግሞ «አልቻሉም» ብለን እንፈርድባቸዋለን። የራሳቸውን አንድ አልበም ይሥሩና በሱ እንመዝናቸው። ደካማ ከሆነ እንነግራቸዋለን፤ እነሱም ይችሉታል።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል አለኝ። ከእናንተ በፊት የነበሩትን ዘፈኖች አትጣሉ። ዲኪንሰን የቤይሊን እንደዘፈነ፣ እናንተም ከእኛም፣ ከእኛ በኋላ በክፉ ጊዜ ከሠሩትም የሚጠቅማችሁን አንሱ። ስታነሱ ደግሞ የማን እንደሆነ ተናገሩ።

ሁለቱ ቴክኒሺያኖች እስከ ዛሬ የተስማሙ አይመስለኝም፤ ባይስማሙም ግድ የለም። እኛም በ«በእኛ ጊዜ» ላይ መስማማት አይጠበቅብንም፤ ከምሳ በኋላ እንደ ልባችን እንከራከር። ድምፅ ስንሰጥ ግን እያንዳንዳችን አሥራ ሰባት ዓመት የሞላንን ዘመን ትተን ቤቱን እናስብ።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል፤ ሊቀ መንበሩም ሰዓታቸውን እያዩ ነው።  መልካም ምሳ!